ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመግባት፦ ፎርሙ ቀላሉ ነው

የአክስቴ ልጅ በዲቪ መጥቶ ሁለት ወር እንደሞላው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ከች አለ። ወረቀቶቹን በጥቁር ፌስታል ይዟል። ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ቢጫዋ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ ሳይቀር አለ። «ጋሼ፣ ዛሬ ኮሌጅ ታስመዘግበኛለህ አይደል?» አለኝ።

ማመልከቻውን ቡናው ሳይፈላ ጨረስነው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ክፍል ገብቶ እስኪቀመጥ ግን ሁለት ወር ፈጀብን። ያንን ሁለት ወር ምን እንደበላው ነው እዚህ የምጽፈው።

የምጽፈው ብዙዎቻችን ስለምንኖርበት ስለ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴል፣ ማናሳስ፣ ውድብሪጅ፣ ላውደን ካምፓስ አለው፤ የጤናው ትምህርት ደግሞ ስፕሪንግፊልድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለለት፤ ሮክቪል፣ ጀርመንታውን እና ታኮማ ፓርክ። ሌላ ስቴት ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው። የሚለየው በዋናነት የነዋሪነት ሕጉ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሰው የሚጣልበት ቦታ አይደለም። በሩ ክፍት ነው፤ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አይጠይቅም። ሁለት ዓመት እዚያ ተምራችሁ ዩኒቨርሲቲ ብትሻገሩ የመጨረሻው ዲግሪያችሁ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ጋር «አድቫንስ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ገና ኖቫ እያላችሁ የሜሰን መንገዳችሁ ይዘረጋል። «የሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ የኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» እያላችሁ የምታፍሩ ወላጆች፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክፍያ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት።

ስማችሁን አንድ አድርጉ

ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ ሶሻል ካርድና መንጃ ፈቃዳችሁን ጎን ለጎን ደርድሩ። ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ። የኛ ሰው ችግር እዚህ ይጀምራል።

ኃይለ ሚካኤል አንዱ ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይጻፋል። ፀጋዬ ፓስፖርት ላይ በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል፣ ትራንስክሪፕት ላይ በ«ቲ» ብቻ። ሌላው ጣጣ የአያት ስም ነው። የአንዱ ሰው ላስት ኔም የአባቱ ነው፣ የሌላው የአያቱ። የአክስቴ ልጅ ግሪን ካርዱ ላይ ላስት ኔሙ አያቱ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀቱ ላይ ግን የራሱና የአባቱ ስም ብቻ ነው ያለው።

ሕጉ ቀላል ነው። ማመልከቻውም የገንዘብ እርዳታ ፎርሙም ላይ ሶሻል ካርዱ ላይ ያለውን ስም እንዳለ ጻፉ። ሶሻል ካርዱ ራሱ ከተሳሳተ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ያለው ስም ቢለያይ አያስጨንቅም፤ ማመልከቻው ላይ «የቀድሞ ስም» ወይም «ሌላ ስም» የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ሙሉት።

ከስሙ ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር። 12ኛ ክፍልን በሰኔ 2009 ዓ.ም የጨረሰ ሰው ፎርሙ ላይ የሚጽፈው ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 ዓመት፣ ከጥር በኋላ ላለው 8 ዓመት ትደምራላችሁ፤ በድንበሩ ላይ ያሉትን ቀናት ግን በመቀየሪያ አረጋግጡ። ይህን የረሳ ሰው ልደቱ በፈረንጅ፣ ምርቃቱ በኛ ሆኖ በ10 ዓመቱ ሃይስኩል የጨረሰ ሊቅ ሆኖ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሊቅነቱን አይቀበለውም።

ምን እንደምትማሩ ሳትወስኑ «ሰብሚት» አትበሉ

ማመልከቻው መሀል ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ለምንድን ነው የምትማሩት ይላል። ዲግሪ ለመያዝ፣ ሰርተፍኬት ለማግኘት፣ ወይስ እንዲያው አንዳንድ ክላስ ለመውሰድ? ብዙ ሰው «ገና አልወሰንኩም» ብሎ የመጨረሻውን ይመርጣል። ይቺ አንዲት ክሊክ የፌዴራል እርዳታ ታስቀራለች። እርዳታ የሚሰጠው ዲግሪ ወይም ብቁ የሆነ ሰርተፍኬት ውስጥ ለተመዘገበ ነው። ባትወስኑም አንድ ፕሮግራም ምረጡ፣ በኋላ መቀየር ይቻላል።

የዲግሪውንም ዓይነት እዩ። ዩኒቨርሲቲ መሻገር ከፈለጋችሁ «አሶሼት ኦፍ አርትስ» ወይም «አሶሼት ኦፍ ሳይንስ» ነው የምትመርጡት። «አፕላይድ» የሚል ቃል ከተጨመረበት በቀጥታ ወደ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀ ነው። መጥፎ አይደለም። ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሻገሩ ከክሬዲቱ ብዙው ሊቀር ይችላል። አብዛኛው ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቢቀር ያማል።

አሁን ስለ ነርሲንግ። ከአሥር ሐበሻ ስንቱ «ነርሲንግ ልገባ ነው» እንደሚለኝ አልቆጥርም። ኮሌጁ ተቀበላችሁ ማለት ነርሲንግ ገባችሁ ማለት አይደለም። ነርሲንግ የራሱ ማመልከቻ፣ የራሱ ቀነ ገደብ፣ የራሱ ውድድር አለው። በቅድሚያ እንግሊዝኛ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ የመሳሰሉ ክላሶችን በጥሩ ውጤት መጨረስ አለባችሁ። ብዙ ቦታ «ቲስ» የሚባል ፈተና ይጠየቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ለአድቫይዘሩ (ለኮሌጁ የትምህርት አማካሪ) «ነርሲንግ ነው የምፈልገው፤ የቅድመ ሁኔታ ክላሶቹን ዝርዝር ስጠኝ» በሉ። ዝርዝሩን ሳትይዙ ክላስ አትምረጡ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ «ጂ ስሪ» ስለሚባለው ፕሮግራምም ጠይቁ። በ2021 የተጀመረ ነው። በጤና፣ በአይቲ፣ በሙያ ሥራዎችና በመሳሰሉት ለሚማሩ፣ ገቢያቸው ከተወሰነው በታች ለሆነ የስቴቱ ነዋሪዎች፣ ሌላው እርዳታ ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ይሞላል።

ማመልከቻው

ይህ አጭር ነው። የኮሌጁ ዋና ገጽ ላይ «አፕላይ» የሚለውን ትጫናላችሁ፣ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ትሞላላችሁ። የራሳችሁን ኢሜይል ተጠቀሙ። የባልን፣ የወንድምን፣ ፎርም የሞላላችሁን ሰው ኢሜይል አትስጡ። ሰውየው ስልክ ቀይሮ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ጉድ አይቻለሁ። ሲያልቅ የተማሪ ቁጥርና የኮሌጅ ኢሜይል ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ የሚጽፍላችሁ በዚያ ኢሜይል ነው። ስልካችሁ ላይ ጫኑት።

ፎል የሚባለው ሴሚስተር ነሐሴ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ገደማ ይጀምራል፣ ስፕሪንግ የሚባለው በጥር። ለፎል የሚያመለክት ሰው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ቢጀምር ትንፋሽ ያገኛል። ሐምሌ ላይ ከጀመራችሁ መግባት ትገባላችሁ፤ የሚተርፋችሁ ክላስ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወይም አርብ ማታ ነው። ሽፍት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነዋሪነት፦ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው

ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደምትኖሩ የሚጠይቁ ጥያቄዎች አሉ። ሰው ስለሚደክመው በችኮላ ያልፋቸዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴት ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከነዋሪው ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። ሜሪላንድ ደግሞ ሦስት ዋጋ አለ፦ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ ነዋሪ፣ የሌላ ስቴት ሰው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር ሰው ፕሪንስ ጆርጅስ ሄዶ ቢማር የካውንቲውን ዋጋ አያገኝም።

ቨርጂኒያ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኑሯችሁን እዚያ መመሥረት አለባችሁ። ሜሪላንድ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሦስት ወር ነው። ማስረጃ የሚሆነው የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ታክስ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የመኪና ምዝገባ ነው። ዕድሜያችሁ ከ24 በታች ከሆነ ቨርጂኒያ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው የወላጆቻችሁን ነዋሪነት ነው።

እኔ ራሴ እዚህ ወድቄያለሁ። «አሁን ያለህበት አድራሻ ከመቼ ጀምሮ» ሲለኝ የአዲሱን አፓርታማ ቀን ጻፍኩ። ቀጥሎ ስቴቱ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ እንደምኖር ሲጠይቀኝም ያንኑ ቀን ደገምኩት። ስቴቱ ውስጥ ግን ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ! የክፍያው ቢል በሌላ ስቴት ሰው ዋጋ መጣ። ኮሌጁ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ «ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው» ብላ ወደ ሌላ መስኮት ላከችኝ፣ ያኛው ወደ ኢሜይል ላከኝ። የድሮ የኪራይ ውሌንና የታክስ ወረቀቴን ቆፍሬ አውጥቼ አቀረብኩ፤ ተስተካከለ። እስኪስተካከል ግን የክፍያው ቀን አልፎ ክላሶቼን ሰርዘውብኝ ነበር። እናንተ የተጻፈውን ቀን ሁለቴ እዩት። ቢል ሲመጣም መጀመሪያ የምታዩት «ኢን ስቴት» ይል እንደሆነ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከነዋሪነት ማስረጃዎቹ መካከል የመራጭነት ምዝገባ ተጠቅሶ ታገኙታላችሁ። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱም «ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ይሏችኋል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ በፍጹም እንዳትመዘገቡ። የሚመዘገበው ዜጋ ብቻ ነው፤ በኋላ ዜግነት ስትጠይቁ መዘዙ ከባድ ነው።

ፋፍሳ

ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የገንዘብ እርዳታ ፎርም ነው። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚያስከፍል ገጽ ላይ ከሆናችሁ ተሳስታችኋል። ትክክለኛው ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ነው፤ መጨረሻው «ጎቭ» መሆኑን እዩ። ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የሚሆነው ፎርም በተለምዶ በጥቅምት 1 እ.ኤ.አ. ይከፈታል። መጀመሪያ አካውንት ትከፍታላችሁ፤ መረጃችሁ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር እስኪመሳከር ጥቂት ቀን ሊወስድ ይችላል።

ማን ያገኛል? ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባ፣ አሳይለሙ (የጥገኝነት ጥያቄው) የጸደቀለት። በዲቪ የመጣ ሰው ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ ግሪን ካርዱ እንደደረሰው ይሞላል። አሳይለም ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ወርክ ፐርሚትና ሶሻል ቢኖረውም የፌዴራሉን አያገኝም። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ያለውም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች ቨርጂኒያም ሜሪላንድም የየራሳቸው የስቴት እርዳታ ፎርም አላቸው፤ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በየትኛው ልሙላ ብላችሁ ጠይቁ።

የሚፈለገው ፔል ግራንት ነው። አይመለስም። ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከተረፈ ለተማሪው ይላካል። ሎን አብሮ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ሎን ብድር ነው። «አክሴፕት» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ግራንት ይሁን ሎን አንብቡ።

ሦስት ቦታ ላይ የኛ ሰው ይደናቀፋል።

አንደኛው የወላጅ ጉዳይ። ዕድሜያችሁ ከ24 በታች ከሆነ፣ ካላገባችሁና ልጅ ከሌላችሁ፣ ፎርሙ በአብዛኛው የወላጅ ገቢ ይጠይቃል። ወላጅ ማለት የወለደ ወይም በሕጋዊ ጉዲፈቻ የወሰደ ነው። አጎታችሁ ቤት ብትኖሩ፣ ቢያበላችሁ፣ ቢያለብሳችሁ፣ ፎርሙ ላይ ግን የለበትም። የሱን ገቢ የጻፈ ልጅ ግራንቱ አጎቱ ኡበር ነድቶ ባመጣው ገንዘብ ይቀነስበታል። እናቱ ደብረ ብርሃን ካለች እሷ ናት የምትፈርመው። ሶሻል ባይኖራትም በኢሜይል አካውንት ከፍታ መፈረም ትችላለች። ገቢዋ በብር ከሆነ ወደ ዶላር ተቀይሮ ይጻፋል። ይህ በስልክ፣ በተቆራረጠ ኔትወርክ፣ «እማዬ፣ ኮዱ መጣልሽ?» እየተባለ የሚሠራ ሥራ ነው። ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ መድቡለት። ከወላጆቹ በስደት የተለያየ ልጅ ደግሞ «ልዩ ሁኔታ አለኝ» የሚለውን መርጦ ለኮሌጁ ማስረዳት ይችላል።

ሁለተኛው ዲግሪ ነው። አገር ቤት ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል አያገኝም። ዲግሪው እዚህ ሥራ ባያስገኝለትም፣ ማንም ባይቀበለውም፣ ባችለር ዲግሪ ባችለር ዲግሪ ነው። «ሃይስኩል ብቻ ነው ያለኝ ልበል?» ብላችሁ አታስቡት። የተማራችሁበትን ለክሬዲት ስታስቆጥሩ ይወጣል፣ ገንዘቡንም መልሱ ትባላላችሁ። ዲግሪ ያለው ሰው የሚያዋጣው የድሮውን ክሬዲት አስቆጥሮ ክላስ መቀነስ ነው።

ሦስተኛው ዓመቱ ነው። ፎርሙ የሚያየው ያለፈውን ሳይሆን ከሱ በፊት ያለውን ዓመት ገቢ ነው፤ ለ2026–27 የ2024 ገቢ ማለት ነው። ያኔ አሜሪካ ካልነበራችሁ ታክስ አልሞላችሁም፤ ችግር የለም። ሆኖም መረጃ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ እንዲወሰድ ፈቃድ የሚጠይቀውን ቦታ «እሺ» ማለት ግዴታ ነው። ታክስ ያልሞላም ሰው ፈቃዱን ይሰጣል። ይህን የዘለለ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

የአገር ቤት ወረቀት

ኮሌጁ ለመግባት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት ማስተርጎምና ማስገምገም አያስፈልግም። ፋይናንሻል ኤይድ ግን ሃይስኩል መጨረሳችሁን አሳዩ ሊል ይችላል። በድሮው ሥርዓት ከ10ኛ ክፍል ወጥቶ ቴክኒክና ሙያ የገባ ሰው ወረቀቱ እዚህ እንደ ሃይስኩል ዲፕሎማ ላይቆጠርለት ይችላል፤ ለሱ አቋራጩ ጂኢዲ የሚባለውን፣ የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካ ፈተና መፈተን ነው። አራት ፈተና ነው።

የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ለማስቆጠር ከፈለጋችሁ የግምገማ ድርጅት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ደብልዩ ኢ ኤስን ያውቃል፤ ሌሎችም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ የሚቀበላቸውን ዝርዝር ጠይቁ። የሚያስፈልጋችሁ ክላስ በክላስ የሚዘረዝረው ግምገማ ነው። ርካሹ «ይህ ሰው ዲግሪ አለው» ብቻ ይላል፤ ለክሬዲት አይረዳም። ትራንስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ እንዲላክ ይጠየቃል። አገር ቤት ሬጅስትራር ሄዶ የሚቆምላችሁ ሰው ካሁኑ ፈልጉ።

የምደባ ፈተና

ፈተናው አያስወድቅም። የት እንደምትጀምሩ ነው የሚወስነው። «እንግዲያው ምን ያስጨንቃል» ብሎ የአክስቴ ልጅ ከሌሊት ሽፍት ወጥቶ፣ ሳይተኛ ሄዶ ተፈተነ። አገር ቤት ካልኩለስ የተማረ ልጅ አልጀብራ ላይ ተመደበ። ክፍልፋይ መደመር ጠፍቶበት! ዝቅ ብሎ መመደብ ማለት ተጨማሪ ሴሚስተር፣ ተጨማሪ ገንዘብ ነው።

ብዙ ቦታ የሚሰጠው «አኩፕሌሰር» ነው። የሰዓት ገደብ የለውም፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። ካን አካዳሚ ላይ በነፃ ሁለት ሳምንት ሒሳብ ከልሱ። እንግሊዝኛው ላይ ድርሰት ካለ አጭርና ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አንዳንድ ኮሌጅ ከፈተና ይልቅ የሃይስኩል ውጤት ወይም የራሳችሁን ምርጫ ያያል። ድጋሚ መፈተን ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ የኛው ልጅ ሁለተኛ ተፈትኖ ከፍ አለ።

ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክላስ) ከተመደባችሁ አንድ ነገር ለዩ፦ ክሬዲት ያለው ኢኤስኤልና ክሬዲት የሌለው። ክሬዲት ለሌለው ፔል አይከፍልም።

ክላስ መያዝ

ከአድቫይዘር ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ የፕሮግራሙን ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ይባላል። ማታ እየሠራችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስድስት ወይም ሰባት ክሬዲት በቂ ነው ባይ ነኝ። ግራንቱ በክሬዲቱ ልክ ይቀንሳል፤ ግን ወድቆ ከመክፈል ይሻላል። እርዳታው እንዳይቋረጥ ኮሌጆች በአብዛኛው 2.0 ጂፒኤ እና ከወሰዳችሁት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ ይፈልጋሉ።

ክፍያው ወይም እርዳታው በቀኑ ካልገባ ክላሱ ይሰረዛል። ገንዘቡ ካልሞላ በየወሩ መክፈያ ፕላን አለ፣ ግቡበት። ክላሱ ካልተመቻችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። «ድሮፕ» የሚባለው ቀን ሳያልፍ ብትወጡ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ «ዊዝድሮው» ነው፣ ገንዘቡ አይመለስም፣ ወረቀቱ ላይም ደብልዩ ይቀመጣል።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ኮሌጁ ያለ ልጁ ፈቃድ ውጤቱን እንዲነግራችሁ አይገደድም። ብትደውሉ «ልጅህን ጠይቀው» ነው የሚሏችሁ። ክፍያውን እናንተ ብትከፍሉም።

ከአገር ቤት በስቱደንት ቪዛ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ኮሌጁ አይ-20 (ለቪዛ የሚያስፈልገውን ወረቀት) እንዲሰጣችሁ የባንክ ማስረጃ ያያል፣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ኤምባሲ። የፌዴራል እርዳታ የለም፣ ዋጋው የውጭ ሰው ዋጋ ነው፣ በየሴሚስተሩም ሙሉ ጊዜ መማር ግዴታ ነው።

መጽሐፉን ክላስ ሳይጀመር አትግዙ። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ «ሲለበስ» የሚባለውን የክላሱን ዕቅድ ሲሰጥ በትክክል የትኛው እትም እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ አንዳንዱም ነፃውን ነው የሚጠቀመው። የአክስቴ ልጅ ሳይጠይቅ የገዛው የ140 ዶላር ኬሚስትሪ እስካሁን ላስቲኩ ሳይቀደድ እኔ ቤት፣ ያቺው ጥቁር ፌስታል ውስጥ አለ።